ባሌ «እርስዎ» ሲለኝ

ባሌ መጀመሪያ «እርስዎ» ያለኝ ቀን ስቄ ነበር።

ሱቃችን ውስጥ ነው። እሱ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ የመድኃኒት ካርቶን ይከፍታል፣ እኔ እንደ ሁልጊዜው ምሳውን በሳህን ይዤለት መጥቻለሁ። ከፊቴ ሁለት ሰዎች ወረፋ ይዘዋል። ቀና ብሎ አየኝና «እርስዎ በዚህ በኩል ይምጡ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ» አለኝ።

እዚህ ጋምቤላ አማርኛ የሁሉም ነው፤ አፉን የፈታበት ሰው ግን ጥቂት ነው። አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ከደጋ የመጣነውም ገበያ ላይ የምንግባባው በአማርኛ ስለሆነ ሁሉም እንደቻለው ያስኬደዋል። አንተና አንቺ፣ እሱና እሷ ቢቀያየሩ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እኔን ራሴን «አንተ ነዒማ፣ የራስ ምታት አለህ?» ይሉኛል። የራስ ምታት ኪኒን ማለታቸው ነው። ባሌ አብዱልባሲጥ ደግሞ ጨዋታ ወዳድ ነው፤ የደንበኞቹን አነጋገር ይቀዳል፣ እነሱም የእኛን የወሎ አማርኛ ይቀዱበታል፣ ሱቁ ሳቅ በሳቅ ይሆናል። ስለዚህ «እርስዎ» ሲለኝ ያው ጨዋታው መሰለኝ።

«እርስዎ ሆይ፣ ምሳዎ ይቀዘቅዛል» አልኩት።

አልሳቀም። ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ «አላህ ይስጥልኝ» አለና ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምሳ ሳመላልስለት አንድ ቀን አመስግኖኝ አያውቅም። ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደፈራሁ እንዲገባችሁ ስለ ጥናቱ ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ተመራማሪዎች መጥተው ነበር። የሚፈልጉት በሽተኛ አይደለም፣ ጤነኛ ሽማግሌ ነው። ዶክተር ሊና የምትባል ወጣት ሐኪም ሱቃችን ገብታ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ሥራቸውን በደንብ የሚሠሩ ሰዎች እንፈልጋለን፣ በየዓመቱ እየመጣን ማስታወሳቸውን እንፈትናለን፣ ደም እንወስዳለን አለችን። እኔ ምላሴ አይታሰርምና «ምን እስኪሆኑ ድረስ ነው የምትከታተሏቸው?» አልኳት።

አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና አስረዳችን። «ሁሉም አንጎል ያረጃል፣ ልክ እንደ ጉልበት» አለች። «ስም ምላስ ጫፍ ላይ ይቀራል፣ መነጽር የተቀመጠበት ይጠፋል። ይሄ በሽታ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ያው መርሳት ሳይታወቅ አልዛይመር ይሆናል። አንጎል ውስጥ ነገሩ የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከእርጅናው ወደ በሽታው መቼና እንዴት እንደሚታጠፍ ነው የምናጠናው። የታመመ ሰው ብቻ ካየን መታጠፊያውን አልፈነዋል ማለት ነው።»

እኛ ለሁለቱም ያለን ቃል አንድ ነው። ጃጀ እንላለን። ጃጀ ካልን በኋላ ጋቢ ደርበንለት ጥግ እናስቀምጠዋለን፣ በሚናገረው እንስቃለን፣ አበቃ። የአብዱልባሲጥ አባት ወሎ ውስጥ እንዲህ ነው የሞቱት። ሰው ሁሉ እርጅና ነው እያለ ሳለ ሰውዬው አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ረሱ። አብዱልባሲጥ ሊጠይቃቸው ከጋምቤላ ያንን ሁሉ አገር አቋርጦ ሲደርስ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ስለዚህ ዶክተር ሊና ገና ተናግራ ሳትጨርስ እሺ አላት።

«ከቤት ደግሞ አንድ ሰው ያስፈልገናል» አለች ሊና ወደ እኔ ዞራ። «ጋሼ አብዱልባሲጥ የተማሩ ሰው ናቸው። የተማረ ሰው እየረሳም ቢሆን መንገድ ፈልጎ ይመልሳል፣ ፈተናችን ላይያሳየን ይችላል። አብሯቸው የሚኖር ሰው የሚነግረን ከፈተናው ይበልጣል።»

በዚያው ቀን ቤት ስንገባ ባሌ ያለ ወትሮው ኮስተር አለ። «ነዒም፣ ባየሽብኝ ቀን እንዳትደብቂ» አለኝ። «እኔ መድኃኒት የምሸጥ ሰው ነኝ። ሰው እንዳልገድል። ወላሂ በይ።»

ወላሂ አልኩ። ማለት ቀላል ነው፣ ያኔ ምኑም አልታመመም። አዲስ አበባ ወስደው አንጎሉን በማሽን ሲያነሱት እንኳ ለዕድሜው ደህና ነው ተባልን። ስንመለስ «አንጎሌ ፎቶ ላይ ጥሩ ይወጣል» እያለ ከተማውን ሲያስቅ ከረመ።

ሁለተኛውን «እርስዎ» የሰማሁት ጁምዓ ቀን፣ ከመስጊድ ተመልሶ ምሳ ስንበላ ነው። የባሮ ዓሣ በሩዝ ሠርቼ ትሪውን መሃል አስቀምጬ ተቀመጥኩ። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ባሌ የዓሣውን ሥጋ ከአጥንቱ ቀስ አድርጎ ለየና ወደ እኔ በኩል ገፋው።

«ይብሉ እንጂ» አለኝ። «ቤት ያፈራውን ነው። እንደ ቤትዎ ይቁጠሩት።»

ሲያሾፍ የግራ ቅንድቡ ከፍ ትላለች። ቅንድቡን አየኋት፣ አልተነሳችም። ፊቱ ላይ ያለው ለእንግዳ የሚያሳየው ፊት ነው፣ ያ ሰው የሚወድለት ጨዋ ፊቱ። ክው አልኩ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ የሠራሁትን ዓሣ፣ እንደ ቤትዎ ይቁጠሩት እየተባልኩ ነው። አንድ ክፉ ቃል ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር፤ እንዲህ ደግ ሆኖ መርሳቱ ነው ብርክ ያስያዘኝ።

ሻይ ሳቀርብለት «ነዒም፣ ስኳር አንሶታል» ብሎ አጉረመረመ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባሌ አፉን በከፈተ ቁጥር ግሡን ነው የምጠብቀው። አማርኛ ለፈራ ሰው ክፉ ቋንቋ ነው፤ ሰውየው ለማን እንደሚናገር የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። «ያንን ውሃ ከፍሪጁ ውስጥ…» ብሎ ሲጀምር ልቤ ቀጥ ብላ ትጠብቃለች። «አምጪልኝ» ሲል እተነፍሳለሁ። «ቢያቀብሉኝ» ያለኝም ቀን አለ። ያን ቀን ውሃውን አቀብዬው ጓዳ ገባሁና በሩን ዘግቼ ቆምኩ። ብዙ ጊዜ የሚመጣበት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ነው። መጥቶ ይሄዳል። ሲሄድ ባሌ ይመለሳል፣ ቁጡው፣ ጨው በዛ የሚለው፣ ካልሲዬን የት አደረግሽው የሚለው።

አንድ ቀን ከሰዓት ሻሼን አውልቄ ፀጉሬን ሳበጥር የመኝታ ቤቱን በር ከፍቶ ገባ። አየኝ፣ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። «አፉ ይበሉኝ፣ ሰው መኖሩን አላወቅኩም» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ልጆቼን የወለድኩለት ሰው ፀጉሬን ላለማየት አንገቱን ደፋ። ማበጠሪያውን እንደያዝኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ሲመለስ ማንን ይዞ ይመለሳል? አንድ ቀን መመለሱ ቢቀርስ? ይሄ ሰው እኔን ከቤቱ ውስጥ ፈልጎ ቢያጣኝ ምን ያደርጋል? እየፈራሁ ያለሁት እሱን ይሁን ለእሱ አላውቅም ነበር፣ ብቻ ፈርቻለሁ።

ልጃችን ሰውዳ ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ ነው የምትሠራው። ደወልኩላት።

«እማ፣ አባ እኮ ትናንት በስልክ ስንት ሰዓት አወራኝ» አለችኝ። «የልጄን የክትባት ቀን ያስታወሰኝ እሱ ነው። እርስዎ አለኝ ብለሽ ነው የምታለቅሺው? አክብሮሽ ነዋ።»

ምን ልበላት። ስም ረሳ ብላት ይገባታል፣ መንገድ ጠፋው ብላት ይገባታል። «አንቺ» ጠፋበት ሲባል ማን ይሰማል? ያውም ሰው ሁሉ አንተንና አንቺን እንዳገኘ በሚጠራበት ከተማ። የባሌ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ ቢፈልግ ከጋምቤላ አማርኛ የተሻለ አያገኝም። ለዶክተር ሊና ደግሞ አልደወልኩም። ከተናገርኩት እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሙቀት ነው፣ ድካም ነው፣ ሽማግሌ ሰው ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ወላሂ ማለቴን ባስታወስኩ ቁጥር ሥራ እፈጥርና እረሳው ነበር።

መምህር ኦቹዶ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ኦቹዶ አቦቦ ወረዳ ያስተምራል፣ የድሮ ደንበኛችን ነው፣ ልጆቹ ሁሉ በባሌ መድኃኒት ያደጉ ናቸው። በጠዋት መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። እንደ ሌላው ቀን ጮክ ብሎ ሰላም አላለም።

«ሐኪም የለም?» አለኝ። ከተማው ባሌን ሐኪም ነው የሚለው።

«ዕቃ ሊያወርድ ኋላ ገብቷል። ልጥራው?»

«አይ፣ አትጥሪው።» ከሸሚዙ ኪስ አንድ እሽግ ኪኒን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፣ በእጁም ሸፈነው። «ትንሿ ልጄ ወባ ይዟት ነበር። ትናንት ከዚህ ወሰድኩ። ቤት ስደርስ ሳነበው የወባ አይደለም። የስኳር ነው።»

እጁን አነሳ። አየሁት። እኔ መድኃኒት አላጠናሁም፣ ግን ሠላሳ ዓመት ከዚያ መደርደሪያ ጎን ቆሜአለሁ። ስኳር የሌለበትን ልጅ ያ ኪኒን ምን እንደሚያደርገው ባሌ ራሱ ስንት ጊዜ ነግሮኛል።

«ልጅቷስ?» አልኩ።

«አልዋጠችም። ደህና ናት፣ ጤና ጣቢያ ወስደናታል።» ከዚያ ዓይኔን ሳያየኝ እንዲህ አለ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አማርኛዬ ጥሩ አይደለም። ወባ ለማለት ሌላ ነገር ብዬ ይሆናል።»

የኦቹዶ አማርኛ ከእኔ ይሻላል። አማርኛ ነው የሚያስተምረው። ልጁን ሊገድልበት ለነበረ ሰው ክብር ሲል የገዛ አፉን አዋረደ። ምናለ ቢጮህብኝ ኖሮ። ቢጮህ ጎረቤት ይሰማል፣ ነገሩ ይወጣል፣ እኔም እገላገላለሁ። እሱ ግን ሸፈነልን፣ የስኳር ኪኒኑን ትቶልኝ ወጣ። እኔም ሸፈንኩ። የሞተ ነገር የያዝኩ ይመስል እሽጉን በላስቲክ ጠቅልዬ ደበቅኩት።

በማግስቱ ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ሱቁን አዘጋሁት። አብዱልባሲጥ ተቆጣ፣ «በበጋ ምኑ ነው የሚያፈሰው?» አለ፣ ልክ ነበር። ግን ከእኔ ጋር ተከራክሮ አሸንፎ አያውቅምና ተወው። ከዚያ ወዲያ እቤት ሲውል ነገሩ ባሰ። እኔም እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። አንድ ጊዜ ዶክተር ሊና ጋ ደወልኩ። «ሃሎ፣ እማማ ነዒማ፣ ጋሼ ደህና ናቸው?» ስትለኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ለሰላምታ ነው የደወልኩት» ብዬ ዘጋሁት። ጥሩ ምስክር ተገኘ።

የዓመቱ ጉብኝት ደረሰ። የምትመጣው ኛኪም ናት፣ ለጥናቱ እዚህ የምትሠራ የኑዌር ልጅ፣ ነርስ። ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ፣ የታመመ ሰው እጅ ስትይዝ ሰው የሚድን የሚመስለው ልጅ ናት። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ ነው የለመደችው፤ አንተና አንቺ ላይ አትጨነቅም፣ እኔን «አንተ» ነው የምትለኝ፣ ለምጄዋለሁ። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ታብሌቷን ይዛ መጣች። መጀመሪያ እኔን ለብቻዬ በረንዳ ላይ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ ሐኪም ስም ይረሳል?»

«ማን የማይረሳ አለ።»

«መንገድ ይጠፋበታል?»

«አይጠፋበትም።»

«ሥራ ላይስ ይሳሳታል? ዘንድሮ አዲስ ስህተት አየህበት?»

«ሱቁ እድሳት ላይ ነው» አልኳት።

ያልጠየቀችኝን እንደመለስኩ አውቃለሁ። እሷም ቀና ብላ አየችኝ። ሆዴ አላስችል አለኝና «እርስዎ ይለኛል» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«ጥሩ ነው እኮ» አለች ፈገግ ብላ። «የኔ ባል በስሜም አይጠራኝም፣ ያፏጫል።» ጣቷን ታብሌቱ ላይ አሳለፈችና ወደሚቀጥለው ሄደች። ለ«እርስዎ» የሚሆን ጥያቄ አልነበራትም።

ከዚያ ወደ ሳሎን ገባን። ባሌ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። እኔ በር አጠገብ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ኛኪም ዛሬ ቀኑ ስንት ነው አለችው። እሱ ሆዬ በእኛ አቆጣጠር ነገራት፣ በፈረንጁ ነገራት፣ በሒጅራውም ጨመረላት። እሷ ሳቀች። በአንድ ደቂቃ የቻልከውን ያህል እንስሳ ጥራ አለችው። ጎሽ፣ ጉማሬ፣ አዞ፣ ቆርኬ፣ ዝሆን እያለ ዱሩን ሁሉ ጠራና ሲጨርስ «ግብር ሰብሳቢ» ብሎ አከለ። ቅንድቡ ተነስታለች። አምስት ቃል አስያዘችው፣ ሌላ ሌላ ጠይቃው ስትመለስ ከአንዱ በቀር ሁሉንም መለሰ፤ ያቺንም ፍንጭ ስትሰጠው አገኛት። እኔ ራሴ ሁለቱን ብቻ ነበር የያዝኩት።

ኛኪም በእሱ ራስ ላይ አሻግራ አየችኝና «ኖርማል» አለች፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ።

ደስታው ሊያደክመኝ ምንም አልቀረው። አይ ነዒማ፣ የጃጀሽው አንቺ ነሽ አልኩ በልቤ። ባልሽ ደህና ነው፣ አንቺ ነሽ ቃል ስትለቅሚ የከረምሽው። ኦቹዶም ምናልባት እውነቱን ይሆናል፣ ያን ቀን ሱቁ ሞልቶ ይሆናል፣ ጫጫታ ይሆናል። ነገ ሱቁን እከፍታለሁ አልኩ። ጣሪያው ተጠግኗል እለዋለሁ። ተስፋ እንዲህ ሞኝ ያደርጋል።

ጥያቄው ሊያልቅ ሲል ኛኪም በእጇ ወደ እኔ አመለከተች። «ሐኪም፣ ይሄ ማነው?»

ባሌ ዞር ብሎ አየኝ። ቸኩሎ አላየኝም፣ ከሻሼ እስከ ጫማዬ አየኝ፣ ነውር እንዳይሆን ደግሞ ቶሎ ዓይኑን አነሳ። ቅንድቡ ወርዳለች። ያ ጨዋ ፊቱ መጣ።

«እሳቸው የቤቱ ባለቤት ናቸው» አለ። «በጣም ደግ ሴት ናቸው።»

ኛኪም ፈገግ ብላ ታብሌቷን ነካች። ትክክል ብላ መዘገበችለት።

ባለቤት። ሚስትም ባለቤት ትባላለች፣ ቤት ያለውም ባለቤት ይባላል። «ባለቤቴ ናት» ቢል እኔ ነኝ። «የቤቱ ባለቤት ናቸው» ሲል ግን አከራይ ነኝ፣ ማረፊያ የሰጠሁት ሴትዮ ነኝ። በዚያ ሳሎን ውስጥ ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ያልፋል። ወረቀቱ ኖርማል ይላል፣ ልጄ አላልኩሽም ትለኛለች፣ ሱቁ ይከፈታል፣ ከተማው ሐኪም ይለዋል። ሌላ ልጅ ወባ ይዟት ትመጣለች። የዚያች ልጅ አባት ደግሞ እሽጉን ሳያነብ ቢያስውጣትስ? ይሄን ሳስብ ከእስካሁኑ ፍርሃቴ ሁሉ የከፋው ያን ሰዓት ያዘኝ።

«ኛኪም፣ ሰርዢው» አልኩ።

«ምኑን?»

«አሁን የነካሽውን። አላወቀኝም።»

«ባለቤት አለ እኮ» አለች ግራ ገብቷት። «ባለቤት ሚስት ነው አይደለም? ይሄንን አማርኛ አውቃለሁ።»

«ነው። ግን ባለቤቴ አላለም። የቤቱ ባለቤት ነው ያለው። ናቸው ነው ያለኝ፣ ናት አላለም።»

«ባለቤት» አለች ለራሷ። «ባለቤቴ።» ሁለቱን ቃላት በከንፈሯ ደጋግማ መዘነቻቸው። ከዚያ ታብሌቱን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው፣ ፈገግታዋ ጠፋ። ወደ እሱ ጠጋ ብላ «ሐኪም፣ ሚስትህ የት ነው?» አለችው፣ በጣም በቀስታ።

«ነዒማ? ገበያ ወጥታለች» አለ ባሌ።

እኔን እያየ ነው ስሜን የጠራው። ስሜ አልጠፋበትም። ስሜ አለ፣ እኔ ነኝ የሌለሁት።

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ለኛኪም ነው የተናገርኩት፣ እሱ ግን እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። የዓሣውን፣ የመኝታ ቤቱን፣ የኦቹዶን ልጅ፣ ጣሪያው እንደማያፈስ፣ ለዶክተር ሊና ደውዬ እንደዋሸሁ ሁሉ። ስም ሳልጠራ «ባሌ፣ ባሌ» እያልኩ ነው የነገርኳት። አብዱልባሲጥ አልተቆጣም። ራሱን እየነቀነቀ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ ነው የሰማኝ።

«ባልዎ ናቸው የታመሙት?» አለኝ ስጨርስ።

ኛኪም እጄን ያዘችኝ። «አዎ» አልኩት።

«መድኃኒት ይሸጣሉ አሉ?»

«አዎ።»

አሰበ። ፊቱ ላይ ያየሁት የሚያውቀውን ሥራ የሚያስብ ሰው ፊት ነው፣ ሠላሳ ዓመት የማውቀው። «ሱቁን ይዝጉባቸው» አለኝ። «ቢቆጡም ይዝጉባቸው። ሰው ከገደሉ በኋላ ቢያውቁት ራሳቸውን አይምሩም። ለሐኪሞቹም እንዲህ እንደነገሩን ይንገሩ፣ አይደብቁ። ደግ አድርገዋል።»

ኛኪም ተነስታ በረንዳው ላይ ወጣች፤ ለዶክተር ሊና ስትደውል ይሰማኛል። ሳሎኑ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እንባዬን ሲያይ ተጨነቀ። እንዳይነካኝ የሰው ሚስት ነኝ፣ ዝም እንዳይለኝ አንጀቱ አልቻለም። ከሶፋው ተነስቶ ትራሱን አደላድሎ ቦታውን ለቀቀልኝ።

«አይዞዎት፣ አይፍሩ» አለኝ። «እዚህ ቁጭ ይበሉ። ባለቤቴ አሁን ትመጣለች፣ እሷ ብቻዎን አትተውዎትም።»

ተቀመጥኩ። ሁለታችንም በሩን እያየን ጠበቅናት።